ስድስት እሑድ ከምሥጢረ ሥጋዌ ጋር

ባለፈው የነቢያት ጾም፣ ጅማ ውስጥ በማገለግልበት ሰንበት ትምህርት ቤት ምሥጢረ ሥጋዌን፣ አምላክ ሰው የሆነበትን ምሥጢር፣ ለወጣቶች እንዳስተምር ተመደብኩ። ከኅዳር አጋማሽ እስከ ገና ስድስት እሑድ ነበረን። ጊዜው ቡና የሚለቀምበት ነው። ብዙዎቹ ልጆች ቤተሰብ ለማገዝ ወደ ገጠር ይወጣሉ። የቀሩልኝ ሃያ ምናምን ነበሩ፤ አብዛኞቹ የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው።

ይህን የምጽፈው ይህንኑ ትምህርት ለማስተማር ለሚዘጋጅ ሰው ነው። እኔ የጀመርኩበት መንገድ አላዋጣኝም። መሐል ላይ አፍርሼ እንደገና ጀመርኩ።

በደንብ የተዘጋጀሁ መስሎኝ ነበር። አርባ ገጽ ማስታወሻ ጽፌያለሁ። በ325 ዓ.ም. ኒቅያ ጉባኤ ላይ የተሰበሰቡት 318ቱ ሊቃውንት። በ381 ዓ.ም. ቁስጥንጥንያ ላይ 150ው። በ431 ዓ.ም. ኤፌሶን ላይ 200ው። ጉባኤዎቹ ያወገዟቸው አርዮስና ንስጥሮስ ምን አሉ፣ ማን ምን ብሎ መለሰ። በመጀመሪያው እሑድ ይህን ሁሉ በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ አራገፍኩት። ልጆቹ ጻፉ። አንድም የጠየቀ የለም። ስለገባቸው ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

በሁለተኛው እሑድ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እጇን አወጣች። ማርቆስ 13፥32ን ከፍታ አነበበች። «ስለዚያች ቀን ወይም ስለዚያች ሰዓት ግን የሰማይ መላእክትም ቢሆኑ ልጅም ቢሆን ከአባት በቀር የሚያውቅ የለም።»

«መምህር፣ ጌታ አምላክ ከሆነ ቀኑን እንዴት አያውቅም?»

«ያውቃል እንጂ» አልኳት ቶሎ ብዬ። «ሊነግራቸው ስላልፈለገ ነው።»

ትንሽ አሰበች። «እያወቀ አላውቅም አለ ማለት ነው? እኛ እንዲህ ብናደርግ ምን ይባላል?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ሁሉም እኔን ያያል። እኔም «እንግዲህ ይሄ ምሥጢር ነው» አልኩና ወደሚቀጥለው ርእስ አለፍኩ። እሷም ደብተሯን ዘጋች። አላኮረፈችም፣ አልተቆጣችም። ዝም ብላ ዘጋችው። እስከ መጨረሻው ድረስ አልከፈተችውም።

ቤቴ ገብቼ ሳስበው በጣም አዘንኩ። ምሥጢር የሚለውን ትልቅ ቃል ማምለጫ አድርጌዋለሁ። እውነቱ እኮ ሌላ ነበር፤ ያን ጥቅስ አበው እንዴት እንደተረጎሙት አላነበብኩም። ያ ምሥጢር አይባልም፤ አለማንበብ ነው። ለካ ሁለት ዓይነት «አላውቅም» አለ። አንደኛው ያልተማርኩት ነው። ሁለተኛው ለሰው ልጅ ያልተሰጠው ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልዬ ይዤ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ በማስታወሻዬ ላይ ለየብቻ መጻፍ ጀመርኩ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚወስድ ሰው ካለ፣ ይህችን ይውሰድ።

ማክሰኞ ማታ የኔታ ዘንድ ሄድኩ። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጥግ ባለች ትንሽ ቤት ይኖራሉ። ሕፃናት ፊደልና ዳዊት ያስቆጥራሉ። አንድ ልጅ እያነበነበላቸው ስለነበር ደጅ ላይ ጠበቅኩ። ሲጨርሱ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው።

«ሐሙስ ሐሙስ ውዳሴ ማርያም ትደግማለህ?» አሉኝ።

«አዎ የኔታ።»

«በል።»

ሙሴ በምድረ በዳ በእሳት ነበልባል ውስጥ ያያትን፣ ቅርንጫፎቿ ያልተቃጠሉትን ዕፅ ጀመርኩላቸው። «ዕፅ እንተ ርእየ ሙሴ በነደ እሳት ውስተ ገዳም ወአዕፁቂሃ ኢትውዒ።» እዚያ ላይ አስቆሙኝ።

«ለምን አልተቃጠለችም?»

«እሳቱ መለኮት ስለሆነ፣ ቁጥቋጦዋም የእመቤታችን ምሳሌ ስለሆነች…»

«እሱን ተወው፤ ምሳሌነቱን ማንም ይነግርሃል። እንዴት አልተቃጠለችም?»

«አላውቅም የኔታ።»

«ሙሴም ልቅረብና ልይ ብሎ ነበር። ምን ተባለ? ወደዚህ አትቅረብ፣ ጫማህን አውልቅ ተባለ። ሂድ ግን አልተባለም ልጄ። ጫማውን አወለቀና እዚያው ቆመ። ያለና የሚኖር የሚለውን ስም የሰማው እዚያ ቆሞ ነው። አንተ ግን ልጅቷን ሂጂ ብለሃታል።»

ከዚያ የንባብ ሥራ ሰጡኝ። የአበውን ትምህርት በሰበሰበው መጽሐፍ፣ ሃይማኖተ አበው ላይ፣ የእስክንድርያ ሊቃነ ጳጳሳት የነበሩትን የአትናቴዎስንና የቄርሎስን ክፍል እንዳነብ፣ «በተዐቅቦ» የምትለዋንም ቃል በየገጹ እየተከታተልኩ እንዳያት። መጠበቅ ማለት ናት። መለኮትና ትስብእት (ሰውነት) ሲዋሐዱ አንዱ አንዱን አላጠፋውም፤ የመለኮትነቱም የሰውነቱም ገንዘብ ተጠብቆ አንድ አካል፣ አንድ ባሕርይ ሆነ። ለዓመታት የሰማኋት ቃል ናት። የምትሠራውን ሥራ ግን አላየሁላትም ነበር።

በሦስተኛው እሑድ ይቅርታ ጠየቅኩ። «ባለፈው የመለስኩት መልስ ትክክል አልነበረም። እያነበብኩ ነው። በአምስተኛው ሳምንት እንመለስበታለን» አልኳቸው። ለማለት ከብዶኝ ነበር። ካልኩት በኋላ ግን ክፍሉ ሌላ ክፍል ሆነ። ከዚያን ቀን ወዲያ ጥያቄ ጠፍቶ አያውቅም።

ማስታወሻዬንም ገለበጥኩት። ከዓመተ ምሕረትና ከስም ዝርዝር መጀመሬን ትቼ አበው ከከለከሏቸው ቃላት ጀመርኩ። ተዋሕዶ ያለ ቱሳሔ ነው፣ ያለ ውላጤ ነው፣ ያለ ኅድረት ነው፣ ያለ ፍልጠት ነው። ሰሌዳው ላይ አራቱን ጻፍኩና «ከቤታችሁ ምሳሌ አምጡልኝ» አልኩ።

ቱሳሔ ማለት መቀላቀል ነው። አንዱ ልጅ ወዲያው «ማኪያቶ!» አለ። ልክ ነው። ቡናው ንጹሕ ቡና መሆኑ ቀረ፣ ወተቱም ወተትነቱ ቀረ፤ ከሁለቱም ያልሆነ ሦስተኛ ነገር ተገኘ። ክርስቶስ እንዲህ አይደለም። ግማሽ አምላክ ግማሽ ሰው የሆነ ሦስተኛ ነገር የለም። ውላጤ መለወጥ ነው፤ ቃና ላይ ውኃው ወይን ሲሆን ውኃነቱ ቀረ። ቃል ሥጋ ሆነ ስንል ግን ቃልነቱ ቀረ ማለታችን አይደለም። ኅድረት ማደር ነው፤ ዳዊት በማኅደሩ፣ ሰው በቤቱ እንደሚያድር። አንዲት ልጅ ቡና ውስጥ የሚገባውን ጤና አዳም አመጣች። ይገባል፣ ይሸታል፣ መልሶ ይወጣል። ፍልጠት መለያየት ነው፤ ለእሱ ምሳሌ አላስፈለገንም።

እዚህ ጋ አንድ ልጅ ግራ ገብቶት «መምህር፣ ሁሉም አይደለም ነው እንዴ? ታዲያ ምንድነው?» አለ። ጥያቄው በጣም ደስ አሰኘኝ። አበው እንዴት እንደሆነ ሊነግሩን አልሞከሩም። አጥር አጠሩልን። በዚህ በኩል ብትወጣ ትሳሳታለህ፣ በዚያ በኩልም ብትወጣ ትሳሳታለህ አሉን። አጥሩ መሐል ያለውን ደግሞ ወንጌል በአጭሩ ይለዋል፤ «ቃልም ሥጋ ሆነ።» ነገሩን የሚያምን ሁሉ ያውቀዋል። እንዴትነቱን የሚያውቅ ሰው የለም። ዮሐንስ አፈወርቅ በ386 ዓ.ም. ገደማ አንጾኪያ ላይ የሰበከው ስለዚሁ ነው። ያኔ እግዚአብሔርን እርሱ ራሱን በሚያውቅበት ልክ እናውቀዋለን የሚሉ ሰዎች ነበሩ። እሱም ሱራፌል እንኳ ፊታቸውን በክንፋቸው እንደሚሸፍኑ እያስታወሰ ይመልስላቸው ነበር።

ይህን ሳስተምር በሰነበትኩበት ሳምንት የማልጠብቀው ሰው ጠየቀኝ። ቤት አከራዬ ሙስሊም ናቸው፤ ሐጂ እንላቸዋለን። ጅማ ውስጥ እንዲህ አብሮ መኖር አዲስ ነገር አይደለም። አመሻሽ ላይ በረንዳቸው ላይ ቡና ጠርተውኝ ስንጫወት «ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እንዳይከፋህ» አሉ።

«ይጠይቁኝ ሐጂ።»

«እኛ ዘንድ አላህን ማንገላጀትም እንቅልፍም አይዘውም። እናንተ ደግሞ ዒሳ ጀልባ ላይ ተኝቶ ነበር ትላላችሁ አሉ። አምላክ ነው ካላችሁ፣ ያኔ ዓለሙን ማን ይዞት ነበር?»

በእኔም መጽሐፍ መዝሙረ ዳዊት እስራኤልን የሚጠብቅ አይተኛም አያንቀላፋም ይላል። ማርቆስ ደግሞ ትራስ ተንተርሶ ተኝቶ ነበር ይላል። ሁለቱም የእኔ ናቸው። ሐጂ የጠየቁኝ ያቺ ልጅ የጠየቀችውን ነው፤ በሌላ በር መጥተው።

በዚያ ሳምንት ያነበብኩት አትናቴዎስ ነበርና እሱን ነገርኳቸው። የመጀመሪያውን ጳጳሳችንን ፍሬምናጦስን፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፣ ሾሞ ወደ አክሱም የላከው የእስክንድርያው አትናቴዎስ ማለት ነው። ቃል በሥጋ ሳለ ሥጋው አልከለለውም ይላል። በሥጋ ሲገለጥ ከየትም አልጎደለም። እንደ ሰው በማርያም ማኅፀን ሳለ፣ እንደ ቃልነቱ ፍጥረትን ሁሉ ሕያው ያደርግ ነበር። ስለዚህ እኛ የምናምነው፣ ጀልባዋ ላይ በእውነት ደክሞት የተኛው ራሱ ባሕሩንም ያጸናው እንደነበር ነው አልኳቸው።

ሐጂ አዳመጡኝ። «እኔ ይህን አልቀበልም። ግን የምትሉት ምን እንደሆነ ዛሬ ሰማሁ» አሉ። ከዚያ «አላሁ አዕለም»፣ አላህ የበለጠ ያውቃል፣ ብለው ሲኒዬን ሞሉልኝ። እኔ ልከራከር አልሄድኩም፣ እሳቸውም አልፈለጉም። እምነታችን የሚለያይበትን ቦታ ሁለታችንም ጥርት አድርገን አየነው። ፈቃዳቸውን ጠይቄ ጥያቄያቸውን ወደ ክፍል ወሰድኩት። ልጆቹ ጎረቤት ሲጠይቃቸው ከመቆጣት ወይም ከመሸሽ ሌላ መንገድ እንዳለ ያዩት በዚያ ይመስለኛል።

ቄርሎስ ተዋሕዶን በጋለ ብረት ይመስለዋል። ይህን ምሳሌ ሁላችንም ከልጅነታችን ሰምተነዋል። አይተነው ግን እናውቃለን? እኔ አላየሁትም ነበር። ስለዚህ በአራተኛው ሳምንት ሐሙስ፣ ገበያ ቀን፣ ከሰባት ልጆች ጋር ወደ አንድ ብረት ቀጥቃጭ ሄድን። ገጀራና መጥረቢያ ይሠራል። ምን እንደፈለግን ስንነግረው ገረመው፣ ግን ቦታ ለቀቀልን።

ወናፉን ነፋ። ጥቁሩ ብረት ቀላ፣ ከዚያ ብርቱካን መሰለ። በጉጠት ይዞ አወጣው። ብረት ነው፤ ክብደቱ አለ፣ ቅርጹ አለ። እሳትም ነው፤ ያበራል፣ ያቃጥላል። የትኛው ጋ ብረቱ አልቆ እሳቱ እንደጀመረ በጣት ማሳየት አይቻልም። ሁለት ነገር ብለህ ለያይተህ ልታስቀምጠው አትችልም። ከዚያ መታው። ያቺ ደብተሯን የዘጋችው ልጅ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «መዶሻው ቅርጹን የለወጠው የብረቱን ነው። እሳቱ አልተጎዳም» አለች። ቄርሎስም የሚለው ይህንኑ ነው። ቃል በሥጋው በእውነት መከራ ተቀበለ፤ መከራውም የራሱ ነው፤ በመለኮቱ ግን ሕማም አልደረሰበትም።

እዚህ ላይ ትምህርቱ ያለቀልኝ መስሎኝ ነበር። ሰውዬው ብረቱን ውኃ ውስጥ ነከረው። ችስ አለ። ጠቆረ። አንዱ ልጅ ደንግጦ «እሳቱ ሄደ!» አለ።

እንደማውቀው ምሳሌ ሁሉ ይህም የሚሰበርበት ቦታ አለው። ብረቱ ይቀዘቅዛል። በቅዳሴ ሰዓት ሥጋውን ደሙን ከመቀበላችን በፊት ግን መለኮቱ ከትስብእቱ ለአንዲት ሰዓት፣ ለዓይን ጥቅሻ ታህል እንኳ አልተለየም ብለን እንመሰክራለን። በመስቀል ላይም፣ በመቃብርም። እዚያው ፍሙ አጠገብ ቆመን ይህን ተነጋገርን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምሳሌ ስሰጥ የሚሰበርበትን ቦታም አብሬ አስተምራለሁ። ቀድሞ እደብቀው ነበር፤ ምሳሌው የሚደክምብኝ ይመስለኝ ነበር። አሁን ልጆቹ ራሳቸው ይፈልጉታል። ነፍስና ሥጋን ምሳሌ ስናደርግ አንዱ «በሞት ይለያያሉ» አለ። ማንም አልነገረውም።

አምስተኛው እሑድ ላይ ቃሌን ጠብቄ ወደ ማርቆስ ተመለስኩ። ግን በቀጥታ አልገባሁም። መጀመሪያ አቡሊናርዮስን አመጣሁ። የሎዶቅያ ኤጲስ ቆጶስ ነበር። ጌታ ሥጋን ነሥቷል፣ ማለትም ገንዘቡ አድርጓል፣ የሚያስብ የሰው አእምሮ ግን አልነበረውም፤ በአእምሮው ፈንታ ቃል ነበረ አለ። ሲሰሙት ክብር የሚመስል ነገር ነው። ቁስጥንጥንያ ላይ በ381 ዓ.ም. ተወገዘ። ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት የመለሰለት መልስ አጭር ነው፤ ያልነሣውን አላዳነውም። አእምሮዬን ካልነሣ አእምሮዬ አልዳነም ማለት ነው። በአዳም መጀመሪያ የሳተው ደግሞ ልቡ ነው።

ይህን ሳስረዳ ሉቃስ 2፥52ን አነበብን። «ኢየሱስም በጥበብና በቁመት በሞገስም በእግዚአብሔርና በሰው ፊት ያድግ ነበር።» ቄርሎስ ይህን ሲያብራራ፣ ቃል የሰውነት መጠን በራሱ ላይ እንዲሠራ በፈቃዱ ተወ ይላል። ጡት ጠባ፣ ዳኸ፣ አፉን ፈታ። የትምህርት ፈተና ደርሶባቸው የተጨነቁ ልጆች ነበሩና እዚህ ላይ ብዙ ቆየን። ሁሉን የሚያውቅ ጌታ፣ ቀስ በቀስ የሚያድገውን የሰው ልብ ገንዘቡ አድርጎታል። አለማወቃችን የሚያሳፍር ነገር ቢሆን ኖሮ ወደ እርሱ ባልቀረበ ነበር። ይህን ስናገር ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ አልደበቅኩትም።

ከዚያ ማርቆስ። ዘመናት የተፈጠሩት በእርሱ ነው፤ ስለዚህ በመለኮቱ ያላወቀው ቀን የለም። ይህን አትናቴዎስ ለአርዮሳውያን በግልጽ ይመልሳል። ያን ቃል ሲናገር ግን የነሣው ሰውነት መጠን በእውነት የራሱ ነበር፤ ማስመሰል አልነበረም። ስለዚህ አልዋሸም። ባለፈው የሰጠሁት መልስ የተሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ሰውነቱን እንደ ልብስ ደርቤለት ነበር። ልጅቷ አሰበችና «አንድ አካል ሆኖ እንዴት?» አለች።

«እዚህ ጋ ጫማ እናወልቃለን» አልኳት። የየኔታንም ነገር ነገርኳቸው። ሂጂ አላልኳትም። አብረን የሚቀጥለውን ቁጥር አነበብን፤ «ጊዜው መቼ እንዲሆን አታውቁምና ተጠንቀቁ፥ ትጉ፥ ጸልዩም።» ቀኑን የጠየቁት ደቀ መዛሙርት ያገኙት ይህን ነው። ሊያርግ ሲልም የሐዋርያት ሥራ 1፥7 ላይ ያው ነው የተነገራቸው፤ ዘመናትን ማወቅ አልተሰጣቸውም፣ ሥራ ግን ተሰጣቸው። ቀን ቆጥረው የዓለምን ፍጻሜ የሚናገሩ ሰዎች ቪዲዮ በየስልኩ ለሚመጣባቸው ልጆች ይህ ጥቅስ ብዙ ሠርቷል። ሁለቱ ስልካቸውን አውጥተው ምን ሲያዩ እንደሰነበቱ አሳዩኝ።

በስድስተኛው እሑድ አዲስ ነገር አላስተማርኩም። ገና ሦስት ቀን ነበር የቀረው። ልጆቹ ተራ በተራ አንድ አንድ ቃል ወስደው ለታናናሾቻቸው እንደሚያስረዱ አድርገው አስረዱ። ከገጠር የተመለሱም ነበሩ፤ እጃቸው በቡና ልጣጭ ጠቁሯል። ማኪያቶው እንደገና መጣ፣ ብረቱም መጣ፣ ውኃ ውስጥ መነከሩም። 318ቱን፣ 150ውንና 200ውን ያኔ ነው መልሼ ያመጣሁት። አሁን እነዚያ አባቶች ለምን እንደተሰበሰቡ ያውቃሉ፤ ማንም ሳያንቀላፋ ጻፉ።

ስንወጣ ያቺ ልጅ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። ደብተሯ ክፍት ነበር።

«መምህር፣ ጌታ ሲነሣ የችንካሩ ምልክት ለምን አልጠፋም? ለቶማስ ሲያሳየው እኮ እዚያው ነው።»

መልስ አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ዋጥኩት። ማስታወሻዬን አውጥቼ ጥያቄዋን ጻፍኩ፤ «ያልተማርኩት» በሚለው በኩል። ዛሬ ማታ ዮሐንስ ምዕራፍ 20ን እያነበብኩ ነው። ማክሰኞ የኔታ ዘንድ እሄዳለሁ።